የማያልቅ ቀዳ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የሚያጽፈኝ ዛሬ በምሳ ሰዓት ያየሁት ነው። በምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሁላችንም ከአንድ ሳህን ስንበላ፣ አዲስ የገባችው ልጅ ፈቀቅ ብላ ስልኳን እያየች «ቀዳ ይዣለሁ» አለች። ቀዳ በረመዳን ያመለጠንን ጾም በሌላ ጊዜ መክፈል ነው። ምናልባት እውነቷን ይሆናል። ልጠይቃት ፈልጌ ሳልጠይቃት ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

ከጀልዴሳ ወደ ድሬ በመጣሁ ሰሞን ነስሩ የሚባል ባጃጅ ነጂ ወደደኝ። ሽማግሌ እልካለሁ ይለኝ ነበር። እኔ ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ፣ እሱ መንገደኛውን ሁሉ በየቋንቋው የሚያስቅ። ለምን እኔን እንደመረጠ አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ ላይ፣ ጓደኞቹ ፊት ባጃጁ ውስጥ ስገባ፣

«ቀስ በይ አቦ፣ ጎማዬን እንዳታፈነጂው!» አለኝ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ስልኬን ሳያነሳ በዋለ ቁጥር ጥፋቱ የሰውነቴ ይመስለኝ ጀመር። ቁርስ ተውኩ። ምሳ ላይ ቀዳ ነው እላለሁ። ሲደውልልኝ ትንሽ እቀምሳለሁ፣ ዝም ሲለኝ ውሃ ብቻ። የሰኔ ሙቀት ራሴን ሲያዞረኝ ማሽኑን ደገፍ ብዬ እሰፋለሁ። ወደ ቤት ስመለስ የፈጢራ መጥበሻ ያለበትን መንገድ ትቼ ዞሬ እሄድ ነበር፤ የቅቤውን ሽታ ፈርቼ።

ቤት ያከራዩኝ አዴ ፋጡማ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ፣ ማፍጠሪያ ብለው ሩዝ ያመጡልኛል። እኔ ቴምር ቀምሼ ጠገብኩ እላለሁ። አንድ ማታ ሳህኑን አስቀምጠው ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ረመዳን ነው የበላሽው? ቀዳሽ አያልቅም እንዴ?»

ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። የነስሩን ነገር ነገርኳቸው።

«እና ለባጃጅ ጎማ ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

አጠገቤ ተቀመጡ። እስክውጥ ድረስ አልተነሱም።

ነስሩ ሰንብቶ ሲያየኝ ደነገጠ። «ምን ሆነሽ ነው? አጥንትሽ ወጣ እኮ!» አለ። ቀፊራ ላይ ስለ ጎማው ያለኝን ነገርኩት። አላስታወሰውም። ሽማግሌም ሳይልክ ሌላ አገባ። ሙሽራዋ ቀጭን ናት ወይ ብዬ ግን ሰው ጠይቄያለሁ።

አሁን እበላለሁ። ሆኖም ሰው ሲርቀኝ መጀመሪያ የሚዘጋው ዛሬም ጉሮሮዬ ነው። አዴ ፋጡማም ጅቡቲ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል፤ ግቢው ጭር ብሏል፤ ለብቻዬ ሳቀርብ ሳህኑ ይሰፋብኛል። የሄዱ ቀን መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ። ደህና ሁኚ የሚሉኝ መስሎኝ ቀረብኩ።

«ብቻሽን ስትሆኚም ብዪ፣ እሺ?»