የእናቴ የመጀመሪያ ለቅሶ

ጋምቤላ ሳለሁ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው እጅግ አሳቢ ነበር። ሰው ከሞተበት ማለቴ ነው። የአንዱ ሠራተኛ አባት ወይም እናት ሲሞት ቢሮው ይዘጋል፤ አለቃችን ባርኔጣቸውን አውልቀው ከፊት ይቀድማሉ፤ ሠራተኛው በሙሉ ተከትሎ ያለቅሳል፤ ሐዘንተኛውም የሐዘን ፈቃድ ይሰጠዋል። በዚህ በኩል እንከን አይወጣለትም ነበር። ችግሩ ሰውየው ሳይሞት የታመመ እንደሆነ ነው። በሽተኛ ደንቡ ውስጥ የለም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ቤታቸው ታሞ የሚያውቅ ሰው አልነበረም መሰለኝ።

እኔ ያኔ በታይፕ የምጽፍ ጸሐፊ ነበርኩ። አባቴ ከጎሬ ወርዶ ቡና የሚነግድ፣ ባሮ ሞልቶ መርከብ ሲመጣ ጭኖ የሚልክ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። ከዚያ በአንድ የክረምት ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ መገላበጥ አልቻለችም። ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነበር፤ እንዲያውም የቀኝ ጎኗንም ሥራ ደርቦ ይሠራ ጀመር።

ጠዋት አጥቤያት፣ አጉርሻት፣ ልብሷን ለውጬ እወጣለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ እመለሳለሁ። ጉዱ መሐል ላይ ያለው ጊዜ ነው። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ቤቱ ይፋጃል፣ እሷም በአንድ ጎኗ እንደተኛች ትቀራለች። አጠገባችን የምትኖር አንዲት የአኙዋክ ሴት ነበረች፤ ሰንበት ሰንበት ጸሎት ቤት የምትዘምር፣ በተሰባበረ አማርኛዋ እናቴን የምታስቃት። ጠዋት ብቅ ትልልኛለች፤ ረፋድ ላይ ግን ወንዝ ዳር ያለ በቆሎዋ ውስጥ ናት። የእሷም ልጆች መብላት ነበረባቸው።

እኔ ከመንግሥት የፈለግሁት እንግዲህ ይህን ነበር። ረፋድ ላይ ቤት ደርሼ፣ ውኃ አጠጥቻት፣ በሌላ ጎኗ አዙሬያት ልመለስ። ቤቴ ሩቅ አልነበረም፤ ከተቀመጥኩበት መስኮት የግቢያችን ማንጎ ይታየኛል። ለአለቃችን ይህንኑ ነገርኳቸው። እሳቸው ጋምቤላ መመደባቸውን እንደ ግዞት የሚቆጥሩ የደጋ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ሙቀት ከነከረባታቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ላባቸው የመንግሥትን ክብር እንዳይነካ በመሐረብ ሲያደርቁ ይውላሉ።

«እግዜር ይማራት» አሉ ከልባቸው። «እህት የለህም?»

«የለኝም ጌታዬ።»

«ሚስትስ?»

«አላገባሁም።»

ፊታቸው በራ። «ታዲያ መፍትሔው በእጅህ ነው! አግባ እንጂ! መንግሥት ምን ያድርግህ?»

መሥሪያ ቤቴ ለችግሬ ያቀረበልኝ የመጀመሪያው ድጋፍ ሠርግ ነበር ማለት ነው። ሐሳቡን አልናቅሁትም፤ ለጥቂት ቀናት ሙሽራዬን በዓይነ ሕሊናዬ ስፈልጋት ሰነበትኩ። ክንዷ ብርቱ፣ ሙቀት የማይበግራት፣ የአማት ምላስ የማይጎዳት፣ በቀለበት ፈንታ የውኃ ጣሳ ሲሰጧት የማትቀየም። እንዲህ ያለች ልጅ ጋምቤላ ውስጥ ብትኖርም የታይፕ ጸሐፊ የምታገባበት ምክንያት አልታየኝም።

ገበያው አጠገብ ከደጋ የመጡ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ነበሩ። የሱቃቸው ሠራተኛ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ፣ ዓይናቸው የጠፋ አባት ነበሩት። ባለሱቁ ምን አደረጉ? ሽማግሌውን በረንዳው ላይ፣ ስኳር የነበረበት ጆንያ አጥፈው፣ አስቀመጧቸው። በቃ። ልጅየው ጨርቅ እየለካ አባቱን ያያል፤ አባትየው የገባውን የወጣውን በድምፁ እየለዩ ሰላም ይላሉ፤ ደንበኛም ለእሳቸው ሲል ይመጣ ነበር። ስብሰባ አልተጠራም፤ ኮሚቴ አልተቋቋመም። ይህን አይቼ እንደገና አለቃችን ዘንድ ገባሁ።

«ሱቅና መንግሥት አንድ ሊሆን ነው?» አሉኝ። «ዛሬ ላንተ እናት ብፈቅድ፣ ነገ ሁሉም እናት አለኝ እያለ ይመጣብኛል።»

እውነታቸውን ነው። ከሠራተኞቹ መካከል እናት ሳይኖረው የተወለደ አንድም አልነበረም፤ ነገሩ አደገኛ ነበር።

አዝኜ ስወጣ ግን ጠሩኝና አጽናኑኝ። «ደግሞ አትርሳ፣ የሐዘን ፈቃድ አለህ። ጊዜው ሲደርስ አንነፍግህም።»

በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ። አንድ ቀን እናቴን ወባ ጣላትና ስትንዘፈዘፍ አደረች። ትቻት መውጣት አቃተኝ፤ ሳላስፈቅድ ቀረሁ። ረፋድ ላይ ትኩሳቱ ጠናባትና ጎረቤታችን በቆሎዋን ትታ መጣች፤ ወንድሞቿንም ጠራች። አልጋውን ከእነ እናቴ አንስተን ማንጎው ሥር ልናወጣት ነው። ጋምቤላ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ሙቀት ሲበረታ በሽተኛን ከነአልጋው ዛፍ ሥር ማውጣት ማንም የሚያደርገው ነው። ፀሐይና ዝንብ እንዳያስቸግራት ፊቷን በነጠላ ሸፈንኩላት፤ ለአራት ተሸክመን ወጣን።

ይህን ጊዜ አለቃችን፣ የት ቀረ ብለው፣ ዘበኛውን ልከውብኝ ኖሯል። ዘበኛው ከደጋ ከወረደ ገና አንድ ወር አልሞላውም። በእሱ አገር አልጋ ላይ የተኛ ሰው፣ ፊቱ ተሸፍኖ፣ በአራት ወንድ ከቤቱ የሚወጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አየን። ቀርቦ መጠየቅ ነውር መሰለው፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ አማትቦ፣ ወደ ቢሮ ሮጠ።

መሥሪያ ቤቱም ተዘጋ። ለሕያዋን አንድ ረፋድ ያልነበረው መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ዘበኛ ቃል ከነመዝገብ ቤቱ፣ ከነገንዘብ ያዡ ተቆለፈ። እናቴ ኪኒኗን ውጣ፣ ላቧ ወጥቶላት፣ ጥላው ሥር ሸለብ አድርጓት ነበር። እኔ እያራገብኩላት ነው። ከመንገዱ በኩል «ወይኔ እናቴን! ወይኔ እናቴን!» የሚል ጩኸት መጣ። ቀና ብል አለቃችን፣ ለልደት በዓል ብቻ የሚያወጡትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከፊት ከፊት ይመጣሉ።

እናቴ ለቅሶ ሰምታ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። ዓይኗን ሳትገልጥ በደህናው እጇ ደረቷን መታ መታ አደረገችና «ወይኔ ወገኔን!» ብላ ተቀበለቻቸው። የእሷ ድምፅ ሲጨመር ለቅሶው ይበልጥ ደመቀ። መጀመሪያ ዝም ያሉት አለቃችን ናቸው፤ ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ፤ በመጨረሻ የምታለቅሰው እናቴ ብቻ ሆነች።

«ምንድን ነው?» አለች ጎረቤታችን ተቆጥታ። «እዚህ የሞተ ሰው የለም። ሂድ ሌላ ቤት!»

እናቴ ነጠላውን ከፊቷ ገፍፋ ተሰብሳቢውን ቃኘች። «ማነው የሞተው?» አለች።

አለቃችን እኔን አዩ። እኔ ዘበኛውን አየሁ። ዘበኛው ሐቀኛ ሰው ነበር።

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አላት።

እናቴ ነገሩን ጥቂት አሰበችበት። «እንኳን መጣችሁ» አለች። «ተቀመጡ። የእውነቱን ጊዜ ብትመጡ አላያችሁም ነበር።»

ሌላ ምን ይደረጋል፣ ተቀመጡ። እናቴ አለቃው የትኛው እንደሆኑ በላባቸው ለየች።

«ጌታዬ፣ ልጄን የያዙብኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«አልቀማዎትም። ረፋድ ላይ ብቻ ያውሱኝ። ያን ጊዜ ምላሴ ከትናጋዬ ይጣበቃል። ውኃው እዚያ ጣሳው ውስጥ ነው፤ አየዋለሁ፣ አልደርስበትም።»

አለቃችን ዓይናቸውን በመሐረብ ነካ ነካ አደረጉ፤ ልቤ በተስፋ ዘለለ። «እናስብበታለን» አሉ። ከዚያ ወደ ጎን ወሰዱኝ። ቢሮ ተዘግቶ፣ ሠራተኛ በአደባባይ አልቅሶ መጥቶ፣ ሴትዮዋ ደህና ናቸው ብሎ መመለስ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር እንደማይሆን አስረዱኝ።

«የሐዘን ፈቃድህን ከዛሬ ጀምረህ ውሰድ።»

«እናቴ አልሞተችም፣ ጌታዬ።»

«አይቻለሁ። ውሰድ ስልህ ውሰድ!»

ወሰድኩ። ከእነዚያ ቀኖች የበለጠ ደስ ያለኝ ጊዜ አላስታውስም፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። ወሬውን ዘግይቶ የሰማ ሁሉ ምግብ ይዞ ለማጽናናት ይመጣል፤ ሟቿ ራሷ ትቀበለዋለች። ማታ ማታ ለቀስተኞቹን ትገመግምልኛለች። «አለቃህ ከልቡ ነው ያለቀሰው። ያ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ግን ድምፁን ብቻ ነው ያወጣው፤ እንዳትቀብረኝ እሱን ይዘህ።» ረፋድ ላይ ውኃ አጠጣታለሁ፤ አዞራታለሁ፤ ጀርባዋን በቅባት አሽላታለሁ። እኔም እሷም ሌላ ነገር አልፈለግንም።

ፈቃዱ አለቀና ተመለስኩ። ረፋዱ ግን እየታሰበበት ነበር። ባሮ ሞልቶ ጎደለ፤ እየታሰበበት ነበር። መንግሥት እንዲህ ረጅም ጊዜ ያሰበበት ሌላ ጉዳይ ይኖር ይሆን እያልኩ እገረም ነበር።

የሞተችው ረፋድ ላይ ነው። እኔ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት እንዲያከብሩ የሚያሳስብ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። በመስኮት ብመለከት ጎረቤታችን ማንጎው ሥር እጆቿን ራሷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሳላስፈቅድ ሮጥኩ። በቆሎዋን ትታ በአጋጣሚ ብቅ ብላ ነው ያገኘቻት። እናቴ ወደ ጣሳው በኩል እንደዞረች ነበር። ውኃው ጠዋት እንደሞላሁት ነው፤ አልጎደለም።

ቢሮ ሰው ላክሁ። አለቃችን ሁለተኛ መታለል ስላልፈለጉ መጀመሪያ ዘበኛውን «ቀርበህ እይ» ብለው ሰደዱት። እሱም ቀረበ። የእናቴን ግራ እጅ ይዞ ተንበረከከ፤ «እማማ፣ ይነሱና ማነው የሞተው ይበሉኝ» እያለ አለቀሰ። በእውነቱ ለቅሶ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።

ከቀብር ስንመለስ አለቃችን ትከሻዬን ያዙኝ። «እግዜር ያጽናህ። ፈቃዱን ግን ወስደሃል። ለአንዲት እናት ሁለት ጊዜ አይሰጥም፤ ደንብ ነው፤ አንተም ታውቃለህ።»

አውቅ ነበር። በማግስቱ የታይፕ መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ። ያቋረጥኩትን ማስታወቂያ ጨረስኩት፤ የሥራ ሰዓት ይከበር የሚለውን። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው ሲንጣጣ ዓይኔ እንደለመደው ወደ መስኮቱ፣ ወደ ማንጎው ሄደ። አለቃችን መጥተው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ላባቸውን ጠረጉ፤ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«እናትህ የጠየቁኝን አልረሳሁም» አሉ ዝግ ብለው። «አስቤበታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ረፋድ ላይ ቤትህ ደርሰህ መምጣት ትችላለህ። ፈቅጄልሃለሁ።»

ያሾፉብኝ እንደሆነ ፊታቸውን አየሁ። አላሾፉም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ደግ ሰው ነበሩ፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

«ማንን ላጠጣ፣ ጌታዬ?» አልኳቸው።