ለክሽክሽ የተተወች መደብ

ስሙኝማ፣ እናንተ የአምቦ፣ የሁሉቃ ወንዝ ዳር ልጆች። ጎመን በልታችሁ ያደጋችሁ፣ ዛሬ ግን ጎመን ስትገዙ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋችሁ የማታዩ፣ እናንተን ነው የምለው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዷ ጎመን ሻጭ እስሯን ስታራግፍ ነጭ ዱቄት አፍንጫዬ ውስጥ ገባና አስነጠሰኝ። "መድኃኒት ነው፣ ሲታጠብ ይለቃል" አለችኝ። ዝም ብዬ ባልፍ ጥሩ ነበር፤ ግን ዝም ማለት የሚያስተምሩት ከስምንተኛ ክፍል በላይ ነው መሰለኝ፣ እኔ እዚያው ላይ ነው ያቋረጥኩት። ስነታረክ ቆይቼ ባዶ እጄን ወደ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የእናቴ ጋን ነበር ትዝ የሚለኝ።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤታችን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ነበር። አባቴ ሰሜን ዘምቷል። የምንበላው ከእናቴ ጎመን ነው፣ ደብተር የሚገዛልንም እሱው ነው። መሬቱ ደግሞ የኛ አይደለም፣ የቀበሌ ነው። "በደንብ አላለማሽውም" ከተባለች ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። ለዚህ ነው እናቴ ክሽክሽን ከጅብ በላይ የምትፈራው። ያንን ቅጠል ስር ተለጣጥፎ፣ አመድ የተነፋበት መስሎ፣ ጎመኑን መጥጦ መጥጦ የሚያጨማድደውን ተባይ መቼም አትረሱትም።

መድኃኒቷ ጓሮ ጥግ፣ አፉ የተሸረፈ ጋን ውስጥ ነበር። የጎረቤታችን የአዴ ጫልቱ ላም ሽንት፣ የተወቀጠ ግራዋ፣ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ፣ አመድ። ተከድኖ ይሰነብታል። የተከፈተ ቀን ግን እንኳን ክሽክሽ እኛም ከሰፈር ብንሰደድ ደስ ይለን ነበር። በውሃ ታቀጥነውና በአሮጌ መጥረጊያ እየነከረች ቅጠሉ ላይ ትረጨዋለች። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ደግሞ በተቀደደ ሻሽ የተነፋ አመድ እንነሰንሳለን። ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለናል። "የጋኑ ልጆች" ነበር ስማችን። እኔም መልስ አላጣም፣ "የእናንተን ጎመን ትል በላው፣ የኛን ደግሞ እናንተ በላችሁት" እላቸዋለሁ። ከዚያ ያው ቡጢ ነው።

የእናቴ ነገር ሁሉ ይሠራ ነበር ብዬ አልዋሽም። አንድ ክረምት ቲማቲማችን ቅጠሉ እየጠቆረ ሲረግፍ ጊዜ ያንን የሚፈላ የአምቦ ውሃ ከምንጩ በጀሪካን አስቀድታን አጠጣችው። "የሰው ሆድ የሚያክም ቲማቲም ያቅተዋል?" ብላ ነው። ቲማቲሙ ከነሥሩ ደረቀ። እንዲህ ያለ ስህተት የአምቦ ሰው ካልሆነ ማን ይሠራል?

ከሁሉም የምትበልጥባት ግን የሰናፍጯ መደብ ነበረች። ከአጥሩ ሥር፣ ከጎመኑ ፊት፣ አንድ መደብ ሰናፍጭ ትዘራና አመድም የጋን ውሃም ሳትነካው ትተወዋለች። ክሽክሽ ከጎመን ይልቅ ሰናፍጭ ይወዳል። መጥቶ እዚያው ይሰፍራል፣ እዚያው ይጠግባል። "የነሱ ድርሻ ነው" ትለን ነበር፣ "ድርሻውን ያገኘ የሰው አይነካም"። መደቧ ታስጠላለች። ግራጫ፣ የተጣበቀች፣ ጉንዳን የሚርመሰመስባት። ከኋላዋ ያለው ጎመን ግን እንደ ዣንጥላ ተዘርግቶ ያበራል።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓሮ ሊቆጣጠር መጣ። ኦቦ ለሚ ይባላል። ድሮ በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግቶ የኛን ሱሪ የሚጠግን ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያኔ ግን ጓድ ሆኗል፣ "ኦቦ" ሲሉት ፊቱ ይጠቁራል። ጋናችን የዚያን ቀን ተከፍቶ ነበርና መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። እዚያ ለቆመ ሰው ፊት ለፊት የምትታየው ደግሞ ያቺው መደብ ናት።

"ይሄ ማሳ ታሟል" አለ በእርሳሱ ወደ ሰናፍጩ እየጠቆመ። "ተላላፊ ነው። ይነቀልና ይቃጠል።"

"ኦቦ ለሚ፣ እሱ የነሱ ድርሻ ነው። የኔ ከኋላው ነው" አለች እናቴ፣ በሩን እየከፈተችለት። "ሴና" አለችው፣ ግቡ ማለቷ ነው፤ "ይግቡና ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት።"

"ከዚህ ሆኜም ይታየኛል።"

"ሽታውን ፈርተው ነው? የልጆቼን ሱሪ ሲጠግኑ አፍንጫ አልነበረዎትም እንዴ?"

አብረውት የመጡት ሰዎች ጉንጫቸውን ነፍተው ሳቃቸውን ያዙ። እሱ ግን አልሳቀም። ሰናፍጩ ዛሬውኑ እንዲነቀል፣ ጋኑም ለጤና ጠንቅ ነውና እንዲነሳ አዘዘ። በሚቀጥለው ቁጥጥር ተባይ ከተገኘ መሬቱ ይወሰዳል አለ። አንድ ከረጢት ነጭ ዱቄትም አስመጥቶ ሰጣት። እናቴ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ "የተላከ ነው" አላት። ልጆቼ የሚበሉት ላይ ስሙን የማላውቀውን ነገር አልነሰንስም ብላ ከረጢቱን በአጥሩ ላይ መለሰችለት።

ሰናፍጩ ተነቀለ፣ ተቃጠለ። ክሽክሹ አብሮ የተቃጠለ መስሏችኋል? ገበታው ሲነሳበት የተረፈው ወደ ጎመኑ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሉ ይጨማደድ ጀመር። ያን ጊዜ ነው እናቴን ስታለቅስ ያየኋት፤ ለጎመኑ አይደለም፣ ለመሬቱ ነው። ሲነጋ ግን ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ተነሳች። ጋኑን የአዴ ጫልቱ በረት ውስጥ ደበቅነው፤ በረት ውስጥ ማን ሽታ ይለያል? ከዚያ ከወንድሞቼ ጋር ሆነን ጎመኑን ቅጠል በቅጠል፣ እንደ ሕፃን ፊት፣ በአመድና በሳሙና ውሃ አጠብነው። አውራ ጣቴ ክሽክሽ ከመጨፍለቅ ብዛት አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ዝናቡ እንደገባ ደግሞ እናቴ አንድ እፍኝ የሰናፍጭ ዘር በጉያዋ ይዛ ሄደች። የት ዘራችው መሰላችሁ? ከጎመናችን አጠገብ በሚያልፈው በቀበሌው አጥር ሥር፣ በወዲያ በኩል። "እነሱም የቀበሌው ነዋሪ ናቸው፣ መንግሥት ያብላቸው" አለች።

መስከረም ሲጠባ የቀበሌው አጥር ቢጫ በቢጫ ሆነ። ክሽክሹ አንድም ሳይቀር መንግሥት ቤት ገባ። ኦቦ ለሚ የአብዮት በዓል ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ ስሙን ሳይገልጽ ቀበሌያችንን በአበባ ያስዋበውን ጓድ ሲያመሰግን አዳራሹ አጨበጨበ። እናቴም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አጨበጨበች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የኛ ጎመን ንጹህ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዓመት መሬቱን የነካው የለም።

ኋላ ኦቦ ለሚ ከሊቀመንበርነቱ ተነሳና ሌላ ሰው መጣ። እሱም ከአጥር ውጭ ቆመ። እናቴ መልሳ የዘራቻትን መደብ አየና "ያልለማ" ብሎ መሬቱን ለችግኝ ጣቢያ ወሰደው። ዱቄቱን እንደ ጉድ ነሰነሱበት። የአዴ ጫልቱ ዶሮዎች እዚያ ሲጭሩ ውለው ሞቱ፤ ማንም ምንም አላላትም። ችግኙም አልበቀለም። ዛሬ ሄዳችሁ እዩት፣ ሳማ ነው ያለበት።

እናቴ አሁን ኪራይ ቤት ደጃፍ፣ አፋቸው በተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮዎች ውስጥ ነው ጎመን የምታበቅለው። ጫፍ ላይ ያለው ቆርቆሮ ዛሬም ሰናፍጭ ነው፤ አመድ አይነካውም። እኔ ደግሞ ከዚያች ጎመን ሻጭ ጋር በተነታረክሁ ማግስት ጋን ገዝቼ ደጃፉ ላይ ተከልኩት። አከራያችን ሸተተኝ ብለው ተቆጥተዋል። ይሽተት።

እናንተ ከአጥር ውጭ ቆማችሁ "ይነቀል" ስትሉ የኖራችሁት ሰዎች፣ እናቴ በሩን ከፍታ "ሴና" ብላችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባስነቀላችሁት ማሳ ሁሉ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቅጠል ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?