የእናቴ አባት ማሲንቆ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባደግንበት ሰፈር አንድ የካሴት ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የጎጃም ዘፋኞችን ያሰማል። ማሲንቆው ገና ሲጀምር መንገደኛው ቆም ይላል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ዱላቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። ዘፋኙ የየትኛው ወረዳ ተወላጅ እንደሆነ፣ በአባቱ የማን ወገን፣ በእናቱ የማን ዘር እንደሆነ እየተናጠቁ ይናገራሉ። «የእኛ ልጅ እኮ ነው» የማይል አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ስሙ የተነሳለት ከሆነማ የተወለደበት ቀበሌ ሰው ሁሉ ዘመዱ ነው።

እናቴ በዚያ ሱቅ ፊት ለፊት አታልፍም ነበር። ገበያ ስትሄድ ከኋላ ባለው ጭቃ መንገድ ትዞራለች። ቤት ውስጥም አባቴ ራዲዮ ከፍቶ ማሲንቆ ከመጣ የያዘችውን ሥራ ጥላ መጥታ ትዘጋዋለች። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ለሌላው ነገር ሁሉ ቃል የማያጣ ሰው ለዚህ ግን ምንም አይላትም። እኔና ታላቅ እህቴ፣ ጾም ጸሎት ስለምታጠብቅ ዘፈን የምትጠላ ይመስለን ነበር።

የአባቴ ዘመዶች በየበዓሉ ቤታችንን ይሞሉታል። በእናቴ በኩል ግን አንድም ሰው መጥቶ አያውቅም። ከመርጡለ ማርያም ወዲያ ካለ ገጠር እንደመጣች፣ አባቷ ገበሬ እንደነበሩ፣ ወላጆቿ እንደሞቱና ወንድምም እህትም እንደሌላት ነው የምናውቀው። ስለ አገሯ ስንጠይቃት «ሩቅ ነው» ትለናለች።

አንድ ክረምት አዲስ አበባ የምትኖረውን የአባቴን እህት ጠይቀን ስንመለስ አውቶቡሱ ደጀን ቆመ። የአባይን በረሃ ወጥተን ሰው ሁሉ ደክሞታል። ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች ወርደው መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ ማሲንቆ ያዘለ ሰው ዘሎ ገባ። በወንበሮቹ መካከል እየሄደ ተሳፋሪውን ተራ በተራ ያወድስ ጀመር። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ዘወር ብዬ ሳይ እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባዋለች። እጄን ይዛው ነበር፤ ጥፍሯ ሲገባብኝ ተሰማኝ።

ሰውየው እኛ ጋ ሲደርስ ግጥሙን በመሃል አቋረጠ። ጎንበስ ብሎ ዓይኗን አየና በዝግታ፣ «እመቤቴ፣ አገርዎ ወዴት ነው?» አላት።

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባቴ በእሷ ፈንታ «ማርቆስ ነው» ብሎ መለሰ። ሰውየው ትንሽ ቆሞ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ እኛ ወንበር እየተመለከተ ነበር የሚጫወተው። እናቴ አሞኛል ብላ ገና ማርቆስ ሳንደርስ አስወረደችን። ሌላ መኪና እስክናገኝ ድረስ ሜዳ ላይ፣ ብርድና ነፋስ ውስጥ ቆምን። ከምን እንደምንሸሽ ባላውቅም መራቃችንን አላመንኩም ነበር።

ቤት ስንገባ እህቴንና እኔን አጠገቧ አስቀመጠችን። «አባቴ አዝማሪ ነበር» አለች። «ያ ሰውዬ ደግሞ ወንድሜ ነው።»

ቀጥላ እንዲህ ነገረችን። የአዝማሪ ልጅ የሚያገባው አዝማሪ ነው። ሰርግ ላይ ወለል ሙሉ ሰው ያስጨፈረ ሰው፣ ሲነጋ ልጁን ለልጃችን ስጠን የሚለው የለም። አባቴ ለማስተማር አገሯ ሄዶ ሳለ ተዋደዱ። ለወላጆቹ የሙት ልጅ ናት፣ አባቷ ገበሬ ነበሩ አላቸው። እሷም ታናሽ ወንድሟ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደሚያያት እያወቀች ዞር ሳትል ሄደች። «ይሄ ነገር ከአፋችሁ ከወጣ እናንተንም የሚያገባ አይገኝም፤ የአባታችሁም ወገን ደጄን አይረግጥም» አለችን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቷ የእኔ ሆነ። ትምህርት ቤት ልጆች ሲጣሉ «ያዝማሪ ዘር!» ሲባባሉ የተሰደብኩት እኔ ሳልሆን ፊቴ ይግላል። ድምፄ ጥሩ ስለነበር የኪነት ቡድን ውስጥ አስገብተውኝ ነበር፤ ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ልብስ ሳጥብ ሳላስበው ማንጎራጎር ስጀምር አፌን በእርጥብ እጄ እይዛለሁ። የገዛ ድምፄን ፈራሁት። ያም ሆኖ በካሴቱ ሱቅ ሳልፍ እግሬ ይያዛል። እነዚያ ሽማግሌዎች «የእኛ ልጅ» እያሉ ሲከራከሩ ልቤ በኩራት ይሞላና፣ ወዲያው ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ቢያውቁ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ እሸሻለሁ።

እህቴ ትምህርቷን ጨርሳ ቁይ ከተማ አስተማሪ ሆና ተመደበች። እዚያው አብሯት የሚያስተምር ልጅ ሽማግሌ ላከ። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ በማወቅ በአካባቢው ስማቸው የታወቀ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ዘር ቆጠሩ። በእናቷ በኩል ሲባል አባቴ ያንኑ የጥንቱን ቃል ደገመ፤ ገበሬ፣ ሟች፣ ሌላ ወገን የሌለው። ከጓዳ ሆኜ ስሰማ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ጥር ላይ ሰርጉ ደረሰ። እናቴ አዝማሪ እንዳይጠራ ብላ ቴፕ አስመጣች። ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጥሎ፣ ሰው ሞልቶ፣ የሙሽራው አጃቢዎች ከቁይ እየጨፈሩ ገቡ። ከመካከላቸው የማሲንቆ ድምፅ ተሰማ። መሪጌታው ለሙሽራዋ ቤት ክብር ብለው፣ የጎጃም ሰርግ በቴፕ አይሆንም ብለው፣ ራሳቸው ያስመጡት አዝማሪ ነበር። ሲገባ አየሁት። የደጀኑ ሰውዬ ነው።

እናቴን ፈለግኋት። የወጥ ጭልፋ እንደያዘች ጓዳ በር ላይ ቆማለች። ሄጄ ተቀበልኳት። ገብታ እንድትደበቅ ለመንኳት። የሙሽራ እናት ብትጠፋ ይባስ ይጠረጠራል አለችኝና ወጥታ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። አዝማሪው ገና እንዳያት አወቃት፤ እሷም እንዳወቃት አወቀች። ሙሽራውን አወደሰ፣ ሚዜዎቹን አወደሰ፣ መሪጌታውን አወደሰ። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እያንዳንዱ ግጥም ተጀምሮ እስኪያልቅ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምጠብቀው። የእኛ ተራ እንዳይደርስ ጸለይኩ። ምሳ ተበልቶ፣ ሙሽራዋ ልትነሳ ስትል፣ እናቴ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ሙሽራዋ ልትሄድ፣ ደረሰ ሰዓቷ፤
ሙሽራው እጇን ያዝ፣ ማሪ ልጅ እናቷ።»

አብዛኛው ሰው አጨበጨበ። የሰማው፣ ሙሽራው እጇን እንዲይዝ፣ እናትም ልጇን ምራ፣ ይቅር ብላ፣ እንድትሸኝ ነው። እኔ ግን «ያዝ»ንና «ማሪ»ን ሲያገጣጥማቸው ሰማሁ። «ያዝማሪ ልጅ እናቷ።» ሁለተኛ ሲደግመው ጭራሽ ሳይለያያቸው በአንድ ትንፋሽ አለው። መሪጌታውን አየኋቸው። ሊጠጡ ያነሱትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡ። ከሰሙ በስተጀርባ ያለውን ወርቅ ከሰው ሁሉ አስቀድመው እሳቸው አውቀውታል።

ጭብጨባው ከአንዱ ጥግ እየጠፋ፣ ሹክሹክታው ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሄደ። የመሪጌታው ታናሽ ወንድም ተነሳና፣ ለሽማግሌዎቹ የሙሽራዋ እናት የገበሬ ልጅ ናት ተብሎ እንደነበር፣ ይህ ከሆነ ቤታቸው እንደተታለለ ተናገረ። እህቴ በቬሏ ውስጥ ስታለቅስ ትከሻዋ ይታየኝ ነበር። አሁን ይበተናል፣ አሁን ትተዋት ይሄዳሉ ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ።

የዚያን ጊዜ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። «ተቀበል» አለችው። ለአዝማሪ ግጥም የሚሰጥ ሰው እንደሚለው።

«ለምን ትፈራለህ፣ ንገረው ጮክ ብለህ፤
ያባቴን ማሲንቆ በትከሻህ አዝለህ።»

አዝማሪው አልተቀበለም። ማሲንቆውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ ቀረ። እናቴ ወደ ሰዉ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ድምፅዋ ግን ይሰማል። ይህ ሰው ወንድሟ እንደሆነ፣ አባቷ ከመርጡለ ማርያም ወዲያ ያለ አገር አዝማሪ እንደነበሩ፣ ውሸቱ የእሷና የባሏ እንጂ የልጇ እንዳልሆነ ተናገረች። ተናግራ ስትጨርስ ቁጭ አላለችም፤ የሚመጣባትን ቆማ ጠበቀች።

የመሪጌታው ወንድም ወገኖቹን አስከትሎ ከዳሱ ወጣ። ሌሎችም ተነሱ። መሪጌታው ጢማቸውን ይዘው የሚወጡትን አንድ በአንድ ተመለከቱ። በመጨረሻ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እጇን ያዝ ተብለሃል» አሉት። «ምን ትጠብቃለህ?»

ሙሽራው እህቴን ይዟት ተነሳ። ወጡ። እልልታው ግን ከእኛ ወገን ሁለት ሦስት ሴቶች ብቻ ጀምረውት ወዲያው ጠፋ።

የሄደችው ወደሚወዷት ሰዎች ቤት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከዳሱ የወጣው የሙሽራው አጎት ሰንበት ሳያልፍ ትመለሳለች ብሎ መማሉን ሰማን። እስከ መልሱ ቀን ድረስ እናቴ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ከቁይ በኩል የመኪና ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ሁለታችንም እንነሳለን፤ እህቴ ሻንጣዋን ይዛ ብቻዋን ስትወርድ ይታየኛል። የአባቴም ዘመዶች ጠፉ። ከዘመን መለወጫ እስከ ፋሲካ ቤታችንን ሲሞሉ የነበሩ ሰዎች፣ መንገድ ላይ ሲያዩን ሰላምታቸውን አሳጠሩ።

በመልሱ ቀን መሪጌታው፣ ሚስታቸው፣ ሙሽራውና እህቴ መጡ። አጎትየውና ወገኖቹ አልነበሩም። እህቴ ከስታለች። ጓዳ ገብተን ብቻችንን ስንሆን፣ የሰፈሩ ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ ዝፈኚልን እያሉ እንደሚስቁባት ነገረችኝ። አማቷ ሰምተው ስለተቆጡላት ሴቶቹ ትተዋታል። ባሏ ግን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። «ያልፋል» አለችኝ፤ እንዳላመነችበት ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ትዳሯ ጸና። አጎትየው እስኪሞት ከእህቴ እጅ እህል አልቀመሰም። እናቴም ከዓመት በኋላ ወንድሟ ቤት ይዛኝ ሄደች። በጠባብ ጎጆ ውስጥ እሷና ወንድሟ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰርጉ ላይ ያን ግጥም ለምን እንዳለው ጠየቀችው። ደጀን ላይ አላውቅህም ብሎ የዞረው ዓይኗ እንቅልፍ ነስቶት እንደከረመ፣ ክፋት አስቦ ግን እንዳልነበረ ነገራት። ያባቷን መቃብር አሳየን። ልንሄድ ስንል አገሬው በር በሩ ላይ ቆሞ አየን፤ ከመካከላቸው እናቴን የሚመስሉ ፊቶች ብዙ ነበሩ፤ እኔንም የሚመስሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ማርቆስ ውስጥ ማሲንቆ ለማስተማር ክፍል የከፈቱ ወጣቶች አሉ። የእህቴም ትንሽ ልጅ ከእናቴ ወንድም ተምራ ትጫወታለች። ባለፈው የትምህርት ቤት በዓል ሲደርስ እህቴ ስልክ ደወለች፤ ልጅቷ ወላጅ በሞላበት መድረክ እንድትወጣ ተጠይቃለች፣ ምን ላድርግ ትላለች። እናቴ አርጅታለች። ስልኩን ተቀብላ «ትጫወት» አለቻት።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ማን ማን እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ከዚያ አዲሱን ቀሚሷን እንዳወጣላት ነገረችኝ፤ ሳወጣላትም ሌላ ሰው የሚሰማን ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰርጉን ጥሎ የወጣው የዚያ አጎት ልጆችም ይመጡ እንደሆነ ደግማ ጠየቀችኝ።