ጋሽ ወንድይራድና ሁለቱ የመደመር ምልክቶች

ጋሽ ወንድይራድ በስደት በሚኖሩባት በዴን ሃግ ከተማ ባንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጽፉ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቶሎ ቱግ የሚሉ ግን ሆደ ቡቡ ሰው ነበሩ። ምኞታቸው እዚህ የተወለዱ የሐበሻ ልጆች ኮምፒውተርን በአማርኛ የሚያዙበት አንዲት ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ነበር። ሥራውን የጀመሩት ከሩሐማ ጋር ነው። ሩሐማ ስሎተርቫርት በሚባል ሰፈር ያደገች፣ አባቷን በልጅነቷ ያጣች፣ ሙያውንም ከእሳቸው የተማረች ልጅ ናት።

በመሀላቸው ቅያሜ ሳይገባ ብዙ ሠሩ። ያጣላቸው ++ የሚባለው፣ ቁጥርን ባንድ የሚያሳድገው ምልክት ነው። ጋሽ ወንድይራድ ባንድ ከሚቀንሰው ከ-- ጋር ቋንቋችን ውስጥ ይግባ አሉ።

«ልጆቹ ነገ ሌላ ቋንቋ ሲማሩ ያገኙታል። ደግሞ አጭር ነው፣ ያምራል።»

«ያምራል፤ ግን ያደናግራል» አለች ሩሐማ። «ከፊደሉ ፊት ሲቀመጥና ከኋላው ሲቀመጥ ትርጉሙ ይለያያል። ‹ሀ = ሀ + 1› ብለው ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል?»

አልተስማሙም። ነገሩ ቅዳሜ ዕለት ልጆቹን በሚያስተምሩበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ አብረዋቸው በሚያስተምሩት ሰዎች ፊት ቀረበ። ሩሐማ ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

«ሀ አምስት ነው። ‹ለ = ሀ++› ብንል ለ ስንት ይሆናል፣ ጋሼ?»

ይህን ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። መልሱ አምስት ነው፤ ለ አሮጌውን ቁጥር ይወስዳል፣ ስድስት የሚሆነው ሀ ነው። ጋሽ ወንድይራድ ሰሌዳው ላይ አፈጠጡ።

«ስድስት» አሉ። «አይ፣ ቆይ... ሀ የቱ ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። ሩሐማም ሳቀች። «አያችሁ፣ እሳቸውን እንኳ አሳሳተ።»

ካፖርታቸውን አንስተው ወጡ። ምልክቱ እንዲቀር ተወሰነ።

ሩሐማ ያኮረፉ መስሏት እስኪበርድላቸው ብላ ተወቻቸው። ከወር በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ኤልፍነሽ ደወሉላት። ጋሽ ወንድይራድ ከሥራ ሲመለሱ መንገድ ጠፍቷቸው ስኬቨኒንገን በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ተቀምጠው ተገኝተዋል።

«የመርሳት በሽታ ነው አለን ሐኪሙ» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ። «ከጀመራቸውም ቆይቷል።»

ሩሐማ ያን ሳቅ አስታወሰች። አስታራቂ መንገድ እንዳለ ያን ጊዜም ታውቅ ነበር፤ ምልክቱ ለብቻው በራሱ መስመር ላይ ብቻ ከተጻፈ የሚያደናግር ነገር የለውም። ያልተናገረችው መርታት ስለፈለገች ነው። በዚያው ሳምንት ምልክቱን እንደዚያ አድርጋ ቋንቋው ውስጥ አስገባችውና ኮምፒውተሯን ይዛ ቤታቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ምልክቱን አስገባሁልዎ።»

አተኩረው አዩት። «ማን ጠይቆሽ ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» ፈገግ አሉ። «ጥሩ ነው። ግን ልጆቹን አያደናግርም፣ የኔ ልጅ?»

«አያደናግርም፣ ጋሼ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቋንቋይቱን ልጆቹ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይማሯታል። ጋሽ ወንድይራድ የገቡት ሮተርዳም ከሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሩሐማ ከክፍል ስትወጣ በባቡር ትሄድላቸዋለች። በሞተች እኅታቸው ስም ይጠሯታል፤ እሷም አቤት ትላለች።