ቤንዚኑ ነው

ዐብዱልከሪም ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልዶ እዚያው ያደገ መካኒክ ነው። አባቱና አጎቶቹ ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱ ግን በጎረምሳነቱ ሱቁን ትቶ ጋራዥ ገባና በዚያው ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁ ከግራሶ አልተላቀቀም። ሾፌሮች የሚያውቁት በጆሮው ነበር። መኪና ከበር ሲገባ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ «ቺንጋው ላልቷል» ወይም «ሁለተኛው ካንዴላ አይሠራም» ይላል፤ ብዙ ጊዜም አይስትም። ይህን ስሙን ይወደው ነበር። ባለቤቱ ሙሚና እንኳ፣ «እኔን ሦስት ጊዜ ካልጠራሁህ አትሰማኝም፣ የመኪናውን ድምፅ ግን ከመንገድ ማዶ ትሰማለህ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ነገሩ የሆነው ቤንዚን በጠፋበት ዓመት ነው። ማደያዎቹ ሰንሰለት ዘርግተው ስለሚውሉ ሾፌሩ ሁሉ በየሰፈሩ በጀሪካን የሚሸጠውን ይቀዳል። አንዳንዱ ሻጭ ላምባ ይቀላቅልበታል። እንዲህ ያለውን የጠጣ ሞተር ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት እንደ ላላ ቆርቆሮ ይንኳኳል። በዚያ ሳምንት ብቻ ስድስት መኪኖች ይህንኑ ይዘው መጥተው፣ ስድስቱንም ቤንዚናቸውን አስቀይሮ ሸኝቷቸዋል።

ዓርብ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ወንዴ መጣ። ወንዴ በዳባትና በጎንደር መካከል በራሱ ሚኒባስ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው።

«ዐብዱ፣ ነዳጅ ስሰጣት ታንኳኳለች። እግሬን ሳነሣ ትተወዋለች» አለ።

ዐብዱልከሪም ለጁምዓ ሶላት ታጥቦ፣ ልብሱንም ቀይሮ ነበር። ከመኪናዋ ፊት ቆመና፣ «እስቲ ስጣት» አለ። ወንዴ ረገጠ። ድምፁ ከሌሎቹ ትንሽ ከበድ ያለ፣ ከታች የሚመጣ ነበር። በኋላ ለሙሚና ሲነግራት፣ «ለየት ማለቱን ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው» ብሏታል። የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ እየነቀለ ቢያዳምጥ አምስት ደቂቃም አይፈጅበትም ነበር፤ የተጎዳው ፒስተን የቱ እንደሆነ፣ የሱ ገመድ ሲነቀል ድምፁ ስለሚቀንስ፣ ወዲያው ይታወቃል። ግን የታጠበ እጁን መልሶ ግራሶ ማስነካት አልፈለገም። አዛንም ተሰማ።

«ቤንዚኑ ነው» አለ። «ይሄን ጨርስና ንጹሕ ቅዳ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በዚህ ሳምንት ስድስት አይቻለሁ እኮ!»

ወንዴ አመስግኖ ሄደ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዳባት መናኸሪያ ውስጥ አላምረው የሚባል ገበሬ ወንዴን እጁን ይዞ ለመነው። ሚስቱ ወርቅውሃ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ከጤና ጣቢያው ጎንደር ውሰዳት ተብሏል፤ አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም። ወንዴ የጫናቸውን ሰዎች አስወርዶ እሷን ከኋላው ወንበር ላይ አስተኛትና ተነሣ። ከከተማው ወጥተው የመጀመሪያውን ትልቅ ዳገት ሲጀምሩ ሞተሩ ማንኳኳት ያዘ። ወንዴ «ቤንዚኑ ነው» ብሎ አብዝቶ ረገጠ። መንኳኳቱ እየበረታ መጣ፤ አናቱ ላይ ሊደርሱ ሲሉ አንድ ጊዜ ጮኾ ቀጥ አለ። ቢሞክሩት፣ ቢገፉት፣ አልነሣ አለ። የጭነት አይሱዙ እስኪያገኙ ከሁለት ሰዓት በላይ መንገድ ዳር ቆሙ። ጎንደር ሲደርሱ ሕፃኑ በሆዷ ሞቷል። እሷ ተረፈች።

ሚኒባሷ በማግስቱ ተጎትታ ጋራዡ ገባች። ወንዴ የሆነውን በአጭሩ ነገረውና አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ዐብዱልከሪም ከሥር ገብቶ ዘይቱን አወረደ፤ ዘይቱ በብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። የሞተሩን የታች ክዳን፣ ኮፓውን፣ ፈታ። ሦስተኛውን ፒስተን ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከኮሎው፣ ጋር በሚያያይዘው ብረት ውስጥ ያለው ስስ የብረት ቀለበት፣ ብሮንዚኑ፣ እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ ዞሮ፣ ኮሎውን ነክሶ ይዞታል። ብሮንዚኑን ፈልቅቆ ወጣና ወንዴ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«ዓርብ ብትከፍተው ይታይ ነበር?» አለ ወንዴ።

«ይታይ ነበር።»

ወንዴ ብሮንዚኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ኮሎውን ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላገው፤ ብሮንዚኖቹን በሙሉ ለወጠ፤ የዘይት መተላለፊያውን በሽቦ እየጎረጎረ አጠበ። ሌላ መኪና አልተቀበለም። ሲጨርስ ወንዴን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ረግጦ ወጣው። ሞተሩ ኮሽ አላለም።

«ሸጋ ሆናለች» አለ ወንዴ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ።

«ቤታቸው ውሰደኝ» አለው ዐብዱልከሪም።

የእነ አላምረው ቤት ከዳባት በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ሰዎቹ እንግዳው እስላም መሆኑን ከወንዴ ሰምተው እርጎ አቀረቡለት። ዐብዱልከሪም ጽዋውን ተቀበለ።

«እግዜር ያለው ሆነ እንግዲህ» አለ አላምረው።

ወርቅውሃ ከመደቡ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። «መንኳኳቱን እኔም እሰማው ነበር» አለች በቀስታ። «ወንበሩን አልፎ ሆዴ ድረስ ይመጣል። ልጄ የሚራገጥ መስሎኝ፣ ‹አለልኝ› ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ዐብዱልከሪም ጽዋውን አስቀመጠ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ወንዴ አስቀድሞ አምጥቶልኝ ነበር። እኔ ነኝ ቤንዚኑ ነው ብዬ የመለስሁት። ከፍቼ አላየሁትም።»

አላምረው ትክ ብሎ አየው። «ምነው፣ አያ ዐብዱልከሪም? ምነው አልከፈትኸው?»

የሶላቱ ነገር አፉ ላይ መጣ፤ ግን ጥፋቱን በሶላት ማሳበብ አሳፈረው። «ሰነፍሁ» አለ።

አላምረው ተነሥቶ ከብቶቹን ለማየት ወጣ፤ አልተመለሰም። ወርቅውሃ፣ «እርጎውን ጠጣው፣ መንገደኛ ነህ» አለችው። አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ዐብዱልከሪም ለማንም «እንዲህ ነው» ማለት ተሳነው። ለትንሽ ትልቁ ሞተር ያወርዳል፤ ያወረደውን ገጥሞ እንደገና ይፈታል። ሾፌሮች አንድ ቀን ለሚያልቅ ሥራ ሳምንት መጠበቅ ሰለቻቸው፤ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዱ። ሙሚና፣ «ሰው ሁሉ ይሳሳታል እኮ፤ ስንቱን መንገድ ላይ ከመቅረት አድነሃል» ብትለው፣ «የዳነውን ማን ቆጠረው?» ይላታል። በዓመቱ መፍቻዎቹን ለሌላ መካኒክ ሰጥቶ በዚያው ደጃፍ ጎሚስታ ከፈተ። ከጠዋት እስከ ማታ ጎማ ይለጥፋል።

ወንዴ አሁንም ዳባት ይመላለሳል። በደጁ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግለታል፤ ዐብዱልከሪምም እጁን ያነሣለታል። ቆመው ግን አይነጋገሩም።