ዘንዶው ከራማ የወጣበት ቀን

የመካነ ኢየሱስ ከተማዋ መምህርት ሃይማኖት፣ ተማሪዎቿ ዕጣ እየጣሉ በምናብ ዓለማት የሚጓዙበት ጨዋታ ፈጥራ የየዓለሙን ስምና ፍቺ በደብተር ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን አጎቷ መሪጌታ ሙላው ከሚያስተምሩበት ከቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ሊጠይቋት መጥተው ደብተሩን አነሡት።

«አለቀልኝ፤ እሳት ይከቱታል!» አለች በሆዷ።

«ራማ፦ ዘንዶዎች የሚኖሩበት ዓለም» ብለው አነበቡና ቀና አሉ። «አንቺ ልጅ፣ የመላእክትን ከተማ ለዘንዶ አከራየሽው?»

«ስሙ አምሮኝ ነው፣ የኔታ። ላቃጥለው?»

«ምን ሲደረግ! ለዘንዶሽ የራሱን አገር ስጪው እንጂ። ፍቺሽም ይጎድለዋል። በየት ይገባል? በየት ይወጣል? እንደኛ ጉባኤ ቤት አንድም እያልሽ ሌላ ሌላ ፍቺ ጨምሪበት።»

እፎይ ብላ እስክሪብቶ አነሣች። ዘንዶው «ገደል ማዶ» ወደሚባል አገር ተሰደደ፤ መሪጌታም ለመውጫው አምስት አንድም አወረዱለት። ዛሬም ተማሪዎቿ ከገደል ማዶ መውጫው ሲጠፋቸው፣ «ይኼ የመሪጌታ ሥራ ነው!» እያሉ ይስቃሉ።