የታጠቡት ሽፋኖች

ድሪል እፈራለሁ። የጥርስ ሐኪሙንም፣ የግድግዳውንም። እንጀራዬ ሆኖ ግን የክሊኒኮቻችንን ሰርቨሮች ከካርቶናቸው ከወጡበት ቀን አንስቶ እስኪወገዱ ድረስ የምከታተለው፣ አዳማ ዋናው ቢሮ ተቀምጬ፣ እኔ ነኝ። ሲወገዱ ደግሞ የታካሚ ፋይል ሰው እጅ እንዳይገባ ዲስካቸው ይበሳል። መብሳቱን ለንብረት ኃላፊው ለጋሼ ትቼላቸዋለሁ፤ እሳቸው ሥራውን ይወዱታል።

ያን ቀን ስቶር ውስጥ ሁለት ሰርቨሮች ነበሩ፤ መልካቸው ቁርጥ አንድ። የአርሲ ነገሌው አርጅቶ ሊወገድ፣ የአቦምሳው ፓወሩ ተቃጥሎ ሊጠገን የመጡ ናቸው። ጠዋት የአቦምሳዋ ነርስ ደውላልኝ ነበር።

«የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎቼ ነገ ይመጣሉ። ማን የትኛው መድኃኒት ላይ እንዳለ የማውቀው ከዚያ ሰርቨር ነው፤ አደራሽን» አለችኝ። መስመራቸው ስለሚቆራረጥ ቅጂው እኛ ጋ አልደረሰም።

ስቶር ስገባ ጋሼ ድሪሉን አጥፍተው የዲስኩን ብናኝ እፍ እፍ ይላሉ።

«አካም፣ ልጄ። አንዱ ዲስክ አለቀ፣ አንዱ ቀረኝ።»

ሜሞሪውን ለሌላ ማሽን ላወጣ፣ ዲስኩ የተበሳበትን ሰርቨር ክዳን ከፈትኩ። የአርሲ ነገሌው ክሊኒክ ከእህል ገበያው አጠገብ ነው፤ ማሽኑ ለጽዳት በመጣ ቁጥር ሆዱን ገለባ ሞልቶት እናገኘዋለን። ይሄኛው ውስጥ አንድም ገለባ የለም። ሌላውን ከፈትኩ። ገለባው እጄ ላይ ረገፈ።

«ጋሼ፣ የበሱት የማንን ነው?»

«የአርሲ ነገሌን ነዋ፣ ቁጥሩ ይኸው» ብለው የነቀሉትን የፊት ሽፋን አሳዩኝ። የንብረት ቁጥር የምንለጥፈው እዚያ ላይ ነው፣ ለቆጠራ እንዲታይ።

«ሽፋኖቹን ያጠባቸው ሰው አለ?»

«እኔ ነኛ። አቧራ ውጧቸው ነበር። ሁለቱንም አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸውና...» እጃቸው ላይ ያለውን ሽፋን አዩት። መልሰው ሲገጥሟቸው እንዳቀያየሯቸው ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁ።

በሰርቨሩ ውስጥ አንዱ የያዘውን ሌላውም የሚይዝ ሁለት ዲስክ አለ። ሁለተኛው አልተበሳም፤ ሲመዙት ግን ሲሚንቶው ላይ ወድቆባቸዋል። አንስቼ፣ የአቦምሳው ስለማይበራ፣ ገለባ የሞላው ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ማብሪያውን የጫኑት ጋሼ ናቸው። ፋኑ ጮኸ፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ስልኬ ጠራ፤ ነርሷ ናት። ምን እላታለሁ ብዬ ፈራሁና አላነሳሁትም። የታካሚዎቿን ሳል የሰማሁ መሰለኝ።

የአቦምሳ ስም ስክሪኑ ላይ ሲወጣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ግን ደስ አላላቸውም። ድሪሉን ከሶኬቱ ነቀሉና፣ «ሽፋን ማጠብ የጀመርኩት እኮ አምና ነው» አሉ ቀስ ብለው።

አምና ለጥገና መጥቶ በይለፍ ቃሉ አልከፈት ያለን የሌላ ክሊኒክ ሰርቨር ነበር። መንገድ ላይ ተበላሽቷል ብለን፣ ያለውን ደምስሰን፣ ባዶውን መለስንላቸው። ያን ሰሞን የሚወገድ ብለን የበሳነውም አንድ ማሽን ነበር፤ የሁለቱም ሽፋን አብሮ ታጥቧል፣ ውስጡን ያየው ሰው የለም።

ስልኩ እንደገና ጠራ። አነሳሁትና «አለ፣ ደኅና ነው» አልኳት። ነርሷ እየደጋገመች መረቀችኝ። እኔ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር።